አክሊሉ ለማ፦ ከእንዶድ አረፋ እስከ ጉበት የኦክሳይድ ሚዛን

የአዲስ አበባ ጥንታዊ የገበያ ሠፈር ከሆነው ከአራዳ፣ ፒያሳን አልፎና የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ የሚወጣ መንገደኛ አራት ኪሎ ይደርሳል። ሳሙና ሳይስፋፋ በፊት የኢትዮጵያ ሕዝብ ሸማውን የሚያነጻው በእንዶድ ፍሬ አረፋ ነበር። በአራት ኪሎ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ተቋቁሟል። የቤት ውስጥ ዕውቀት የሆነውን እንዶድን ወደ ላቦራቶሪ ያስገቡት የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ሥራቸውን ከጉበት የግሉታታዮን ሚዛን አንጻር ይቃኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አክሊሉ በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1964 በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ዓመት በሰሜን ኢትዮጵያ የብልሃርዝያን ሥርጭት ሲያጠኑ አድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የወንዝ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ይታያሉ። ብልሃርዝያን የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ግድ ይለዋል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የሚገድል የአገር ተክል የበሽታውን ዑደት ከሰው ውጭ ሊሰብር እንደሚችል ተረዱ።

የዚህ ግንዛቤ ክብደት የሚታወቀው በሽታው በጉበት ላይ የሚያደርሰው ሲታይ ነው። ሺስቶሶማ ማንሶኒ የተባለው ትል በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። አንዲት እንስት በቀን በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ትጥላለች። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከሰውነት ሳይወጡ በደም ተወስደው ጉበት ውስጥ ይቀራሉ። የመከላከያ ሕዋሳት በየእንቁላሉ ዙሪያ ተሰብስበው ግራኑሎማ ይሠራሉ። እግረ መንገዳቸውንም ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይረጫሉ። ከጊዜ በኋላ ሥፍራው ጠባሳ ይሆንና ወደ ጉበት የሚገባው ደም ግፊት ይጨምራል፤ ሕመምተኛውም ደም እስከ ማስታወክ ይደርሳል።

ጉበት ይህን የኦክሳይድ ጫና ከሚቋቋምባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው ግሉታታዮን ነው። ከግሉታሜት፣ ከሲስቲንና ከግላይሲን የሚሠራው ይህ ሞለኪውል በጉበት ሕዋስ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሚሊሞላር በሚደርስ መጠን ይገኛል። ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም በእርሱ አማካይነት ፐርኦክሳይድን ወደ ውኃ ሲለውጥ ግሉታታዮኑ ራሱ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ሌላ ኤንዛይም ደግሞ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሰዋል። ጫናው ከመመለሻው ፍጥነት ሲበልጥ ኦክሳይድ የሆነው ግሉታታዮን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ባሉ አጓጓዦች በኩል ወደ ሐሞት ይወጣል። ይህ መውጫ ሕዋሱን ለጊዜው ይታደገዋል፤ ነገር ግን የወጣው እንዳለ አይመለስም። ጉበት ከአሚኖ አሲዶች እንደ አዲስ መሥራት አለበት፤ ለዚህም የሲስቲን አቅርቦት ወሳኝ ነው። ምግቡ ያነሰ ሕፃን በየቀኑ አዲስ እንቁላል ወደ ጉበቱ ሲገባ ወጪውን በገቢ ለመሸፈን ይቸገራል።

አክሊሉ የመረጡት መንገድ ይህን ውጊያ ከጉበት ደጅ የሚያስቀር ነበር። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው መሩ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ በጠቅላላው ሕዝብ የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። በአዋቂዎች ዘንድ የቀደመ ሕመም ስለሚቆጠር አዲስ መተላለፍ መቆሙን በግልጽ የሚያሳየው የሕፃናቱ ቁጥር ነው። በአሜሪካ በተደረገ የኬሚስትሪ ጥናት ከእንዶድ የተለየው ገዳይ ሳፖኒንም በስማቸው ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ የሚመለከታቸው አካላት በታወቀ የላቦራቶሪ ደንብ የተሠራ የመርዛማነት ጥናት ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር፤ ወደ ወንዝ የሚጨመር ነገር ለሰው ጉበትም ሆነ ለዓሣ ምን እንደሚያደርግ መታወቅ አለበት። የእንዶድ ሳፖኒን ዓሣን እንደሚገድልም የታወቀ ነው። ችግሩ ጥናቱ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ አፍሪካዊ ዩኒቨርሲቲ አቅም በላይ መሆኑ ላይ ነበር። አክሊሉ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲሠሩም ይህን ጉዳይ አልተዉትም። ከ1976 ጀምሮ አብረዋቸው የሠሩት ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ዓይነት 44ን መርጠው አወጡ። በ1989 ሁለቱ በጋራ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1991 የታተመው የደኅንነት ምርመራ እንዶድ ዓይንን የሚያስቆጣ መሆኑን፣ በአፍ ሲወሰድ ግን መርዛማነቱ ዝቅተኛ መሆኑን አረጋገጠ። ከአድዋው ምልከታ እስከዚህ 27 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ዓመታት በየወንዙ ዳር ያደጉ ሕፃናት ጉበት ግን የምርመራውን ፍጻሜ አልጠበቀም።

አክሊሉ ለማ በ1997 ዐረፉ፤ የመሠረቱት ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከእርሳቸው በኋላ የተደረገ ምርምር የሥራቸውን ሌላ ገጽ ገልጧል። ትሉ ራሱ ከአስተናጋጁ የኦክሳይድ ጥቃት የሚተርፈው በግሉታታዮን ነው። ሰው ለግሉታታዮንና ለታዮሬዶክሲን የተለያዩ መላሽ ኤንዛይሞች ሲኖሩት ትሉ ግን ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው በአንድ ኤንዛይም ብቻ ነው፤ ይህም ለአዲስ መድኃኒት ዒላማ ሆኗል። መድኃኒቱ ቢገኝ እንኳ የታከመው ሕፃን ተመልሶ ወደ ተበከለው ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ የጉበትን ሚዛን የሚያጠና ተመራማሪ ከሕዋሱ ባሻገር ወንዙንም፣ በወንዙ ዳር ልብስ የምታጥበውን ሴት ዕውቀትም በጥናቱ ውስጥ ማስገባት ይጠበቅበታል።