አብርሃም ሊንከን በሳንጋሞን ወረዳ የሕዝብ ተወካይነታቸው ዘመን

የአሜሪካ 16ኛው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በመላው ዓለም የሚታወቁት የአገራቸውን የእርስ በርስ ጦርነት በመምራትና የባርነት ሥርዓት እንዲያከትም በማድረግ ባከናወኑት ተግባር ነው። ሊንከን ወደዚህ ከፍተኛ ኃላፊነት ከመምጣታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ግን የሳንጋሞን ወረዳን ሕዝብ ወክለው በኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ለአራት የምርጫ ዘመን አገልግለዋል። በእነዚህ ዓመታት ለወረዳቸው ያስገኙት ጥቅም፣ በግዛቱ ላይ እንዲከመር የተባበሩት ዕዳና ከዚያ በኋላ የተሸከሙት ኃላፊነት የሕዝብ ውክልና ምን ያህል ከባድ አደራ እንደሆነ በግልጽ ያሳያሉ።

ሊንከን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በኬንታኪ ግዛት ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኢንዲያና ተሻገሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እናታቸውን በሞት አጡ። በትምህርት ቤት ያሳለፉት ጊዜ ተደምሮ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ቤተሰቡ በ1830 ወደ ኢሊኖይ ከተዛወረ በኋላ ወጣቱ ሊንከን በ1831 ከአባታቸው ቤት ወጥተው በሳንጋሞን ወንዝ ዳር በምትገኘው ኒው ሳሌም በተባለች አነስተኛ መንደር ኑሯቸውን መሠረቱ። በዚያም የመደብር ሠራተኛ ሆኑ።

ወደ መንደሯ በመጡ በዓመቱ፣ ገና በ23 ዓመታቸው፣ ለግዛቱ ምክር ቤት ለመወዳደር ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በማርች 1832 በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ያወጡት የምርጫ መግለጫ በቀጥታ በወረዳው ችግር ላይ ያተኮረ ነበር። የሳንጋሞን ገበሬ ምርቱን ወደ ገበያ የሚያወጣበት አስተማማኝ መንገድ አልነበረውም። ከኢሊኖይ ወንዝ ተነስቶ ወደ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ሐሳብ በወቅቱ ቢነሳም ሊንከን ወጪው 290,000 ዶላር እንደሚደርስ የሚያመለክተውን ግምት በመጥቀስ ከአቅም በላይ መሆኑን ገለጹ። በምትኩ ወንዙ ተጠርጎና ጠመዝማዛው ተስተካክሎ ለመጓጓዣ እንዲውል ሐሳብ አቀረቡ። ከዚህም በተጨማሪ ትምህርት እንዲስፋፋና ከፍተኛ የብድር ወለድ በሕግ እንዲገደብ ጠይቀዋል።

በዚያው ዓመት ብላክ ሆክ በተባሉት የነባር ሕዝቦች መሪ ላይ በተከፈተው ጦርነት በፈቃደኝነት ዘምተው ጓዶቻቸው የሻምበል አዛዥ አድርገው መረጧቸው። ከዘመቻው ሲመለሱ ለምርጫው ቅስቀሳ የቀራቸው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር። ከ13 ተወዳዳሪዎች ስምንተኛ በመውጣታቸው ሳይመረጡ ቀሩ። ይሁን እንጂ በሚያውቃቸው የኒው ሳሌም የምርጫ ጣቢያ ከተሰጠው 300 ድምፅ 277ቱን አግኝተዋል።

በመቀጠል ከአንድ ባልንጀራቸው ጋር በሽርክና የከፈቱት ሱቅ ከሰረ። ሸሪካቸው ሲሞቱ የጠቅላላው ዕዳ ኃላፊነት በእርሳቸው ላይ ወደቀ። መጠኑም 1,100 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ዘመን በተመሳሳይ ችግር የወደቁ በርካታ ሰዎች አካባቢውን ጥለው ይሰወሩ ነበር፤ ሊንከን ግን ለአበዳሪዎቻቸው ቃል ገብተው ዕዳውን በረጅም ዓመታት ውስጥ ከፍለው ጨረሱ።

ኑሯቸውን ለመደጎምም ሁለት የመንግሥት ሥራዎችን ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1833 እስከ 1836 የኒው ሳሌም ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ ደብዳቤዎችን በባርኔጣቸው ውስጥ አድርገው ለባለቤቶቹ ያደርሱ እንደነበር ይነገራል። ፖስታ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሒሳብ ሊረከብ የመጣው የመንግሥት ተወካይ ገንዘቡን ሲጠይቃቸው የግል ችግራቸው ሳያስነካቸው ያስቀመጡትን ሳንቲም ሳይጎድል ቆጥረው እንዳስረከቡም ይተረካል። በረዳት የመሬት ቀያሽነታቸው ደግሞ የእርሻ ድንበሮችን፣ መንገዶችንና አዳዲስ ከተሞችን ለክተዋል። ይህ ሥራ በየቀበሌው ካለው ገበሬ ጋር አስተዋወቃቸው፤ የወረዳው ሕዝብ ምን እንደጎደለውም በዓይናቸው ለማየት አስቻላቸው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1834 በተካሄደው ምርጫ ከ13 ተወዳዳሪዎች ሁለተኛ ሆነው ተመረጡ። ለአዲሱ ሥራቸው የሚመጥን ልብስ ለመግዛትና ለመንገድ ስንቅ 200 ዶላር ከአንድ ጎረቤታቸው ተበድረው በወቅቱ የግዛቱ ርዕሰ ከተማ ወደነበረችው ቫንዳሊያ አመሩ። በመጀመሪያው የሥራ ዘመናቸው ያቀረቧቸው ጉዳዮች ከወረዳቸው የዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ከነዚህም መካከል በሶልት ክሪክ ወንዝ ላይ የማለፊያ ክፍያ የሚሰበሰብበት ድልድይ እንዲሠራ የሚፈቅደው ሕግ ይገኝበታል። በምክር ቤት ባልደረባቸው በጆን ስቱዋርት ማበረታቻና ባዋሷቸው መጻሕፍት ሕግን በግላቸው አጥንተውም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ።

በ1836 ምርጫ ሊንከን ከወረዳው ተወዳዳሪዎች ሁሉ የላቀ ድምፅ አግኝተው ተመረጡ። የሳንጋሞን ወረዳ በዚህ ዘመን ሰባት የተወካዮች ምክር ቤት አባላትና ሁለት ሴናተሮች ነበሩት። ዘጠኙም ቁመታቸው በአማካይ 1 ሜትር ከ83 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ዘጠኙ ረጃጅሞች የሚል ስያሜ ወጣላቸው። የቡድኑ ዋነኛ ዓላማ ቫንዳሊያ በርዕሰ ከተማነት የምትቆይበት የ20 ዓመት ጊዜ ሊያበቃ በመቃረቡ መቀመጫውን በወረዳቸው ወደምትገኘው ስፕሪንግፊልድ ማዛወር ነበር።

በዚያው ጉባዔ ግን ሌላም ታላቅ ጉዳይ ቀርቦ ነበር። ይህም በመላው ግዛቱ የባቡር ሐዲዶችን ለመዘርጋት፣ መንገዶችንና ወንዞችን ለማሻሻል 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በብድር እንዲመደብ የሚጠይቅ የልማት ሕግ ነው። ሐዲድም ሆነ ቦይ ለማይደርሳቸው ወረዳዎች እንኳ 200,000 ዶላር እንዲከፋፈል ተወስኗል። አገረ ገዢው ጆሴፍ ደንካን ሕጉን ቢቃወሙም ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 1837 አጸደቀው። ከአምስት ዓመት በፊት የአንድ ሐዲድ ወጪ ያሳሰባቸው ሊንከን አሁን ከዕቅዱ ጠንካራ ደጋፊዎች አንዱ ሆነው ተገኙ። ወዲያውኑም ፌብሩዋሪ 28 ቀን በተሰጠው አራተኛ ዙር ድምፅ ስፕሪንግፊልድ 73 ድምፅ አግኝታ ርዕሰ ከተማ እንድትሆን ተወሰነ። የሳንጋሞን ተወካዮች ለሌሎች ወረዳዎች ፕሮጀክቶች ድምፅ ሰጥተው በልዋጩ ለከተማቸው ድጋፍ አግኝተዋል የሚለው ክስ በወቅቱ የተነሳ ሲሆን የታሪክ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

የሊንከን የምክር ቤት ዘመን ከወረዳ ጥቅም ያለፈ ጉዳይም ያስተናገደ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1837 ምክር ቤቱ ባርነት እንዲወገድ የሚታገሉ ማኅበራትን የሚያወግዝ የውሳኔ ሐሳብ ሲያጸድቅ 77 አባላት ሲደግፉት የተቃወሙት ስድስት ብቻ ነበሩ። ሊንከን ከስድስቱ አንዱ ሲሆኑ፣ ማርች 3 ቀን ከሌላው የሳንጋሞን ተወካይ ከዳን ስቶን ጋር በመሆን ተቃውሟቸውን በጽሑፍ በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ አሰፈሩ። ባርነት በኢፍትሐዊነትና በመጥፎ ፖሊሲ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ገልጸው፣ የፀረ ባርነት ቅስቀሳው ግን ችግሩን ከማባባስ በቀር እንደማይቀንሰው አመለከቱ። ተቃውሞው የተመዘገበው የርዕሰ ከተማው ጉዳይ በድል ከተጠናቀቀ በኋላ መሆኑ ጥንቃቄያቸውን ያሳያል። የሆነ ሆኖ ስቶን ወደ ዳኝነት ሥራ ለመሸጋገር በመቃረባቸው በመራጭ ፊት የሚጠየቁት ሊንከን ብቻ ነበሩ፤ ከመራጮቻቸው መካከል ብዙዎቹም ከደቡብ ግዛቶች የመጡ ሰዎች ነበሩ።

በኤፕሪል 1837 ሊንከን በተዋሱት ፈረስ ወደ ስፕሪንግፊልድ ተዛውረው ከስቱዋርት ጋር የጥብቅና ሥራ ጀመሩ። ከተማዋ ርዕሰ ከተማ የምትሆነው ነዋሪዎቿ ለምክር ቤቱ ሕንፃ መሥሪያ 50,000 ዶላር እንዲያዋጡ በሚያስገድድ ውል ነበር። የመጨረሻውን ሲሶ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ማሟላት ባለመቻሉ እ.ኤ.አ. በማርች 1838 የ16,666 ዶላር ከ67 ሳንቲም የዕዳ ሰነድ ለባንክ ሲቀርብ ከፈረሙት 101 ዜጎች አንዱ የራሳቸው የሱቅ ዕዳ ገና ያላለቀላቸው ሊንከን ነበሩ። ለከተማቸው በድምፃቸው ያስገኙትን ዕድል በፊርማቸውም ተጠያቂ ሆነውበታል።

ሊንከን በከተማዋ ማኅበራዊ ሕይወትም ንቁ ተሳትፎ ነበራቸው። በጃንዋሪ 1838 በወጣቶች የውይይት ማኅበር ፊት ባደረጉት ንግግር በየቦታው እየተስፋፋ የመጣውን የመንጋ ፍርድ አጥብቀው ተቃውመው የሕግ መከበርን አስፈላጊነት አስገንዝበዋል። ንግግሩ የተደረገው በኢሊኖይ ውስጥ በምትገኘው ኦልተን ከተማ የፀረ ባርነት ጋዜጣ አዘጋጅ የነበሩት ኤላይጃ ላቭጆይ በረብሸኞች ከተገደሉ ከሦስት ወራት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በ1839 ሊንከን የስፕሪንግፊልድ ከተማ አስተዳደር ቦርድ አባል ሆነው የሠሩ ሲሆን፣ በዚሁ ዓመት ሰፊው የሳንጋሞን ወረዳ ተከፍሎ ሜናርድ፣ ሎገንና ዴን የተባሉ አዳዲስ ወረዳዎች ሲቋቋሙም በምክር ቤቱ ጉዳዩን ተከታትለዋል።

የልማት ዕቅዱ ግን በ1837 በመላ አገሪቱ በተከሰተው የገንዘብ ቀውስ ምክንያት ብዙም ሳይቆይ ተሰናከለ። በሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ የተጀመሩት ሥራዎች ከመንገድ ቀሩ። ሊንከን ዕቅዱን ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1839 ግዛቱ ያልተሸጠውን የፌዴራል መሬት በሙሉ በርካሽ ገዝቶ በትርፍ እንዲሸጥ ሐሳብ ቢያቀርቡም ሐሳቡ ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ። መሬት እንደ ትክክለኛ ዋጋው እንዲገበር የሚያደርገውን አዲስ የግብር ሕግ በመደገፍም ሸክሙ ከብዙኃኑ ድሃ ይልቅ በጥቂት ባለጸጎች ላይ የሚያርፍ በመሆኑ ፍትሐዊ እንደሆነ በደብዳቤ አስረድተዋል።

በ1840 ምርጫ ሊንከን ከተመረጡት አምስት የወረዳው ተወካዮች የመጨረሻውን ድምፅ በማግኘት ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ። የዊግ ፓርቲ መሪ እንደመሆናቸው በዚያው ዓመት ዲሴምበር 5 ቀን የግዛቱን ባንክ ከውድቀት ለማዳን ሲሉ ምልዓተ ጉባዔ እንዳይሟላ ከባልደረቦቻቸው ጋር በመስኮት ዘልለው ወጡ። ሆኖም ቆጠራው አስቀድሞ ተጠናቅቆ ስለነበር ድርጊቱ ከመዘባበቻነት በቀር ውጤት አላስገኘም፤ ባንኩም በ1842 ወደቀ። ኢሊኖይ የብድሩን ወለድ መክፈል አቅቶት ክፍያ አቋረጠ። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅም 40 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ከታቀዱት ሐዲዶች ተጠናቅቆ ሥራ የጀመረው ከኢሊኖይ ወንዝ ወደ ስፕሪንግፊልድ የሚወስደው መስመር ብቻ ሲሆን፣ ይኸው ሊንከን በ1832 ከአቅም በላይ ነው ያሉት ሐዲድ በ1847 በ21,100 ዶላር በጨረታ ተሸጠ።

ሊንከን በ1842 በድጋሚ አልተወዳደሩም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሜሪ ቶድን አግብተው በጥብቅና ሥራቸው ቀጠሉ። የከተማዋ ነዋሪዎች የፈረሙበት የዕዳ ሰነድም በስተመጨረሻ ተከፍሎ ተዘጋ። ከ1847 እስከ 1849 የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ሆነው ያገለገሉት ሊንከን በ1854 ለግዛቱ ምክር ቤት ለአምስተኛ ጊዜ ተመርጠው ነበር፤ ነገር ግን የግዛቱ ሕገ መንግሥት የምክር ቤት አባል ለፌዴራሉ ሴኔት እንዳይመረጥ ስለሚከለክል ለሴኔቱ ለመወዳደር ሲሉ መቀመጫቸውን ለቀቁ። በ1855 በተካሄደው የሴኔት ምርጫም ለላይማን ትራምቡል ተሸንፈዋል።

በ1858 በባርነት ጉዳይ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ መቆም እንደማትችል ያስገነዘቡበትን ታዋቂ ንግግር ያደረጉት በስፕሪንግፊልዱ የምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። በ1860 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው በፌብሩዋሪ 1861 ከስፕሪንግፊልድ ተሰናበቱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 በአመፁ ግዛቶች የነበሩ ባሪያዎች ነፃ መውጣታቸውን አወጁ። ኤፕሪል 14 ቀን 1865 በጥይት ተመትተው በማግስቱ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ስፕሪንግፊልድ ተወስዶ በዚያው ሕንፃ የተወካዮች አዳራሽ ከተቀመጠ በኋላ፣ በርካታ ሕዝብ ተሰናብቷቸው ሜይ 4 ቀን በኦክ ሪጅ መካነ መቃብር ተቀበሩ።

ሕንፃው በአሁኑ ጊዜ በታሪካዊ ቅርስነት ተጠብቆ ይገኛል። ባራክ ኦባማም የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር ሆነው ካገለገሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2007 ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ ይፋ ያደረጉት በዚሁ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው።