ካፒቴን ኔሞ እንዴት አገር አልባ ሆነ?

ሕግ ተምረው ከጥብቅና የሸሹ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ፈረንሳዊውን ዡል ቬርንን ነው። “ዓለምን በ80 ቀናት”ን ብዙዎች መጀመሪያ ያዩት በካርቱን ፊልም ስለሆነ ሰውዬውን የልጆች ደራሲ አድርገው ይቆጥሩታል። በእኔ እምነት ይህን ስም ያወጣለት አሳታሚው ነው።

ቬርን እ.ኤ.አ. በ1828 በናንት ወደብ ተወለደ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጠበቃው አባቱ የበኩር ልጃቸው ቢሯቸውን እንዲወርስ ፓሪስ ልከው ሕግ አስተማሩት። በ1851 ተመረቀ፤ በዓመቱ ቢሮውን ላስረክብህ ሲባል አሻፈረኝ ብሎ በአንድ ቲያትር ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ። በ1857 ሁለት ሴቶች ልጆች ያሏትን ባሏ የሞተባት ሴት ሲያገባ የእንጀራ ነገር ግድ ሆነበትና ወደ ፓሪስ የአክሲዮን ገበያ ገባ። ልብ ወለዱን የሚጽፈው ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ነበር።

ሕይወቱን የለወጠው አሳታሚው ፒየር ዡል ኤትዜል ነው። ኤትዜል በ1848ቱ አብዮት መንግሥት ውስጥ የሠራ፣ በኋላም ለስደት የተዳረገ ሪፐብሊካን ነበር። በ1863 “አምስት ሳምንት በባሉን”ን አሳተመለት። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ለቤተሰብ የሚሆን የትምህርትና የመዝናኛ መጽሔት አቋቋመ። ሐሳቡ ጂኦግራፊውም ፊዚክሱም ሥነ ፈለኩም በጀብዱ ተጠቅልሎ ለልጆች እንዲቀርብ ነው። ቬርን በየዓመቱ የተወሰኑ ቅጾች ሊያስረክብ ፈረመ። በሥዕል ያጌጡትና በደንብ የሚሸጡት እትሞች ትርፍ ግን ለረዥም ጊዜ በዋናነት ወደ አሳታሚው ኪስ ይገባ ነበር። የሕግ ምሩቅ እንዲህ ያለ ውል መፈረሙ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደው ግን የኤትዜል መቀስ ነው። ቬርን ስለ መጪው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ የጻፈውን ጨለምተኛ ልብ ወለድ አልቀበልም አለው። ረቂቁ ከካዝና ወጥቶ የታተመው በ1994 ነው።

ከዚህ የባሰው የካፒቴን ኔሞ ጉዳይ ነው። “20 ሺሕ ሊግ ከባሕር በታች” ሲታቀድ የሰርጓጅ መርከቧ አዛዥ ፖላንዳዊ መኳንንት ነበር። ሩሲያ በ1863 የተነሳውን የፖላንድ አመፅ ስታፍን ቤተሰቡን ያጣ፣ መርከብ የሚያሰጥመውም ለዚሁ በቀል ነው። ኤትዜል ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ መጽሐፎቹ ሩሲያም ይሸጣሉ። ይልቅስ የባሪያ ንግድ ጠላት አድርገው ብሎ መከረው። ቬርን እንቢ አለ። ክርክሩ በደብዳቤ ሲመላለስ ቆይቶ በስምምነት አለቀ፤ የኔሞም አገር የበቀሉም ምክንያት ሳይነገር ቀረ። መጽሐፉ በ1869 እና በ1870 በዚያው የቤተሰብ መጽሔት በተከታታይ ሲወጣ አንባቢ ያገኘው ባንዲራው የማይታወቅ መርከብ የሚያሰጥም ቁጡ ሰው ነበር። ቬርን ለጀግናው አገር የሰጠው “ምስጢራዊው ደሴት” በተባለው መጽሐፍ፣ በ1875 ነው። ኔሞ በ1857 በእንግሊዝ ላይ ያመፀ ሕንዳዊ ልዑል ሆነ። የእንግሊዝ መከፋት ለኤትዜል ያን ያህል አላስፈራውም ማለት ነው!

ያ ሁሉ የሕግ ትምህርት ከንቱ አልቀረም። በ1872 በወጣው “ዓለምን በ80 ቀናት” መርማሪው ፊክስ ፎግን የሚያሳድደው የእስር ማዘዣ እየጠበቀ ነው። ሆንግ ኮንግ በመንገዱ የመጨረሻዋ የእንግሊዝ ምድር ናት፤ ፎግ ከዚያ ካለፈ ማዘዣው አይሠራም። የግዛት ሥልጣንን በመርከብ ጉዞ እንዲህ ጥሩ አድርጎ ያስረዳኝ መምህር አልነበረም።

በ1886 የገዛ ወንድሙ ልጅ በሽጉጥ እግሩን አቁስሎት ቀሪ ዕድሜውን ሲያነክስ ኖረ። በዚያው ዓመት ኤትዜል ሞተ። ቬርን በ1888 የአሚየን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1896 ደግሞ ስለ አንድ አውዳሚ ፈንጂ ፈልሳፊ በጻፈው ልብ ወለድ ምክንያት ቱርፓን የተባለ ኬሚስት እኔን ነው ብሎ በስም ማጥፋት ከሰሰው። ጠበቃው ኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሬይሞን ፖንካሬ ነበሩ፤ ረቱለት። ቬርን በ1905 በ77 ዓመቱ አረፈ።

ቼኩ ካሬል ዜማን ይህንኑ የተከሰሰ መጽሐፍ በ1958 ተዋንያንንና አኒሜሽንን አዋሕዶ ፊልም አደረገው። የጥንቶቹን እትሞች ሥዕሎች አስመስሎ በመሥራቱ ለእኔ ከቬርን ፊልሞች ሁሉ የሚልቀው እሱ ነው። በ1983 ስፔኖችና ጃፓኖች በ26 ክፍል በሠሩት ካርቱን ፎግ አንበሳ ሆኖ ቀረበ። መልኩን የሚለዋውጥ ቅጥረኛ ተኩላም ተጨመረበት፤ አላስፈላጊ ነበር፤ በመጽሐፉ ፎግን የሚፈትነው ሰዓትና ማዘዣ ነው። በ1990 እና በ1991 የጃፓኑ ኤን ኤች ኬ ባሳየው “ናዲያ” ደግሞ ኔሞ ከአትላንቲስ ዘር የመጣ ንጉሥ ሆነ። ፖላንዳዊው ኔሞ ግን እዚያው ቬርንና ኤትዜል በተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ውስጥ አለ።