የአንጎልን ሞገድ የመዘገበው ሐኪም፦ ሃንስ ቤርገር



እኛ የሕክምና ተማሪዎች በነርቭ ሕሙማን ክፍል ተራችን ሲደርስ፣ በስትሮክ አንድ እጁ አልታዘዝ ካለው ሰው አልጋ አጠገብ መቆም የዘወትር ሥራችን ነው። ሕመምተኛው ጣቶቹን ለመዘርጋት ይጥራል፤ ግንባሩ በላብ ይርሳል፤ እጁ ግን አይነቃነቅም። ይህን ከንቱ የመሰለ ጥረት ከራስ ቆዳ ላይ ለቅሞ የሚያነብ መሣሪያ ዛሬ አለ። መሠረቱን የጣለው ጀርመናዊው ሃንስ ቤርገር ነው።

ቤርገር እ.ኤ.አ. በ1873 በኮቡርግ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። በዬና ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ትምህርት ትቶ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ገባ። በልምምድ ላይ ሳለ ፈረሱ ጥሎት ከሚጎተት መድፍ ፊት ወደቀ፤ ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ዕለት ከአባቱ ቴሌግራም ደረሰው። ለካስ ርቃ የምትኖር እኅቱ ክፉ ነገር እንደ ደረሰበት ተሰምቷት ቤተሰቡን አስጨንቃ ኖሯል። ወጣቱ ሐሳብ ከአንጎል ወደ አንጎል ይተላለፋል ብሎ አመነ፤ ያን ኃይል ለመለካትም ወደ ሕክምና ትምህርት ዞረ። እምነቱን ባንጋራውም፣ አርባ ዓመት ያህል ከሥራው ያልነቀለው እርሱ ነው።

በዬና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በ1919 ኃላፊ ሆነ። በጁላይ 1924 በቀዶ ጥገና የራስ ቅሉ ክፍተት ከነበረበት የ17 ዓመት ወጣት የአንጎልን ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ሆኖም እስከ 1929 አላሳተመም። ምልክቱ ከቮልት አሥር ሺህኛ እጅ የማይበልጥ በመሆኑ፣ የልብ ትርታ ወይም የጡንቻ እንቅስቃሴ እንዳይሆን ራሱን ይጠራጠር ነበር። ልጁን ክላውስን ደጋግሞ መረመረ። ዓይን ሲከደን በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል የሚወዛወዝ ሞገድ ዓይን ሲገለጥ ይጠፋል፤ አልፋ ብሎ ሰየመው። ብዙዎች አላመኑትም። ሥራው ተቀባይነት ያገኘው በ1934 የኖቤል ተሸላሚው ኤድጋር ኤድሪያን ከማቲውስ ጋር ሆኖ በካምብሪጅ ደግሞ ካሳየው በኋላ ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እጅን በሚያዘው የአንጎል ክፍል ላይም ተመሳሳይ ሞገድ አገኙ። ይህኛው የሚቀንሰው ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስ፣ ወይም ለማንቀሳቀስ ብቻ ሲያስብ ነው። እጁ ለሰለለ ሰው ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ሞገዱ ሲቀንስ ያይና በእጁ ላይ የታሰረውን ሞተር ያዛል፤ ሞተሩም ጣቶቹን ይከፍታል። ፈቃዱና ከጣቶቹ የሚመለሰው ስሜት በአንድ ቅጽበት ስለሚገናኙ፣ ከጉዳት የተረፈው የአንጎል ክፍል ሥራውን እንደገና እንዲማር ይረዳዋል ተብሎ ይታመናል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 እንዲህ ያለ አንድ መሣሪያ ስትሮክ ከያዛቸው 6 ወርና ከዚያ በላይ ለሆናቸው አዋቂዎች ፈቅዷል። ሁሉንም አይፈውስም፤ ለአንዳንዱ ግን ብርጭቆ ጨብጦ ማንሳት ትልቅ ነገር ነው።

የቤርገርን ስም በአድናቆት ብቻ አንስተን ብንተው ግን እናንተን ማታለል ይሆንብናል። ናዚዎችን ተቃውሞ ከሥራው እንደ ተባረረ ለብዙ ዘመን ተጽፏል። የኋላ ዘመን የታሪክ ምርመራ ይህን አፍርሶታል። በ1933ቱ ሕግ መሠረት በዘር የሚተላለፍ ነው የተባለ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንዳይወልዱ በግዳጅ እንዲመክኑ ይወስን በነበረው ፍርድ ቤት ተቀምጧል። የሚጥል በሽታ፣ የእርሱ ምርመራ ዛሬም ከሁሉ ይበልጥ የሚያገለግልበት ሕመም ነው።

በ1938 ጡረታ ወጣ። ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት አደረበት፤ ጁን 1 ቀን 1941 በዬና በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።