ሎሬንዞ ትእዛዝ፦ በጄኔቫ የተሟገቱት ዲፕሎማት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው የአካባቢውን ስም በየዕለቱ ይጠራል፤ ንፋስ ስልክ ማለት ግን ያለ ሽቦ የሚሠራው ቴሌግራፍ መሆኑን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ዓ.ም ኢትዮጵያን ስትወር የውጭ ጋዜጠኞች ዘገባቸውን ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም የሚልኩት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነበር። የጋዜጠኞቹን ጉዳይ ይመራ የነበረው ቢሮ ኃላፊ ሎሬንዞ ትእዛዝ ነበሩ።

ሎሬንዞ በ1892 ዓ.ም በኤርትራ አካለ ጉዛይ ተወለዱ። ከኢጣሊያ ቅኝ አስተዳደር ሸሽተው ወደ ኤደን ተሻገሩ፤ በኋላም ራስ ተፈሪ ወደ ፈረንሳይ ልከዋቸው በሞንፔሊዬ ሕግ ተማሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱበት ዘመን የአምባገነኖች ዘመን ነበር። በሮም ሙሶሊኒ ከያዘው ሥልጣን አሥር ዓመት አልፏል፤ በበርሊን ደግሞ ሂትለር ጥር 22 ቀን 1925 ዓ.ም መራሔ መንግሥት ሆነ፤ በ1926 ዓ.ም መባቻ በጥቅምት ደግሞ ጀርመንን ከመንግሥታት ማኅበር አስወጣ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም በወልወል ግጭት ሲፈጠር ሎሬንዞ የወሰን ኮሚሽኑ አባል ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ሕይወታቸው ከአገራቸው ክስ ጋር ተሳሰረ። የሚገርመው በ1927 ዓ.ም ክረምት ሂትለር ሙሶሊኒን በኦስትሪያ ጉዳይ ለማዳከም ሲል ለኢትዮጵያ በምስጢር መሣሪያ መስጠቱ ነው። ወዳጅነት አልነበረም፤ ጥቅምት 1929 ዓ.ም በርሊን የኢጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠች።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ያሰሙትን ንግግር በማዘጋጀት የሎሬንዞ ድርሻ ከፍተኛ ነበር። የጋዜጠኞች መንጫጫት የሰበረው ያ ቀን ብዙ ተጽፎበታል። የሎሬንዞ ከባዱ ቀን ግን ሌላ ይመስለናል፤ ግንቦት 4 ቀን 1930 ዓ.ም። ሂትለር ኦስትሪያን ከጠቀለለ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። እንግሊዝ አባል አገሮች ወረራውን ለማወቅ ነጻ ይሁኑ የሚል ሐሳብ ለማኅበሩ ምክር ቤት አቀረበች። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ስለነበር የኢትዮጵያን ቃል ያነበቡት ሎሬንዞ ነበሩ። ኃያላኑ ከሙሶሊኒ ጋር ለመታረቅ ቆርጠው ሳለ፣ ያልተሸነፈ ሕዝብ በዱር በገደሉ እየተዋጋ መሆኑን አስረዱ። ኒው ዚላንድ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይናና ቦሊቪያ የእንግሊዝን ሐሳብ ተቃወሙ፤ ብዙኃኑ ግን ከእንግሊዝ ጋር ሆኑ።

በወረቀት ማሸነፍ አልተቻለም። በ1931 ዓ.ም ሎሬንዞ በሱዳን በኩል በምስጢር ገብተው ከአርበኞች ጋር ተገናኙ፤ የውጊያውን ሁኔታም በዓይናቸው ዐይተው ተመለሱ። ኢጣሊያ ከሂትለር ጎን ተሰልፋ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በሰኔ 1932 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ በአውሮፕላን ሲነሡ ሎሬንዞ አብረው ነበሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ሎሬንዞ በዚያው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው እስከ 1935 ዓ.ም ሠሩ፤ ቀጥሎም በሞስኮ ኢትዮጵያን ወከሉ። በሰኔ 1938 ዓ.ም በስቶክሆልም በ46 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው አረፉ፤ የመንግሥታት ማኅበርም ከመፍረሱ ሁለት ወር ብቻ አልፎት ነበር።