ጄምስ ጁል እና የኃይል ሚዛን

የመሐንዲስነት ሙያ በየዕለቱ ከሚያነሣቸው ቃላት ብዙዎቹ የሰው ስሞች ናቸው። ቮልት፣ አምፔር፣ ኦም፣ ዋት፣ ጁል ሲባል ግን በሐሳብ የሚመጣው መለኪያው እንጂ ሰውየው አይደለም። ከእነዚህ መካከል በእንግሊዛዊው በጄምስ ፕሬስኮት ጁል የተሰየመው መለኪያ የሜካኒካዊ ሥራን፣ የሙቀትንና የኤሌክትሪክን መጠን በአንድ ሚዛን ለመመዘን የሚያስችል ነው። በየቤቱ ቆጣሪ ላይ የሚነበበው አንድ ኪሎዋት ሰዓትም 3.6 ሚሊዮን ጁል ማለት ነው።

ይህን ሰው ዛሬ እንድናስታውሰው የሚያደርግ ምክንያት በአዲስ አበባ ዙሪያ ይገኛል። በአሁኑ ጊዜ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በቤቱ ጣሪያ ላይ የሶላር ፓነል ያሰቀለ ሰው ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ የራሱን ፓነል ምርት ከሌላው ጋር ማነጻጸሩ አይቀርም። ንጽጽሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብንም እምነትንም ይነካል። ሚዛኑ ሲዛባ ደህናው ዕቃ መናኛ ይባላል፣ በትክክል የሠራው ባለሙያ ይወቀሳል፣ የተበላሸው መሥመር ደግሞ ሳይታይ ይቀራል። የኃይል ምንጮችን እንዴት ማነጻጸር እንደሚገባ በቤቱ ውስጥ፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ትዕግሥት ሲመረምር የኖረው ሰው ጁል ስለሆነ ሕይወቱ ለዚህ ጥያቄ ብዙ የሚያስተምረው አለው። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁል ዲሴምበር 24 ቀን 1818 በማንቸስተር አጠገብ በምትገኘው በሳልፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቀ ባለጸጋ ቢራ ጠማቂ ነበር። ልጁ በሕፃንነቱ ጤናው ደካማ ስለነበረ ትምህርቱን የተከታተለው በቤት ውስጥ ነው። በ1834 እርሱና ታላቅ ወንድሙ በማንቸስተር ይኖር ወደነበረው ወደ ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ወደ ጆን ዳልተን ተልከው የሒሳብና የጂኦሜትሪ ትምህርት ጀመሩ። ዳልተን በ1837 በጽኑ ሕመም እስኪያዝ ድረስ አስተማራቸው። ጁል ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ደጅ አላለፈም፤ ዕድሜውንም በሙሉ የመምህርነት ወንበር አልያዘም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ የአባቱ ቢራ ፋብሪካ ነበር። ሰበታ በሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካዋ የታወቀች በመሆኗ የዚህ ሥራ ጠባይ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። ብቅሉ በሚዘፈዘፍበት ጊዜ፣ ጭማቂው በሚቀዘቅዝበት ጊዜ፣ እርሾው በሚሠራበት ጊዜ የሙቀቱ ልክ ጥቂት ቢዛነፍ ጠቅላላው ጥምቅ ይበላሻል። ስለዚህ ጠማቂ ቴርሞሜትርን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማመንንና መጠራጠርንም ይማራል። ጁል በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ሊያምኑት የተቸገሩበትን ጥቃቅን የሙቀት ልዩነት ለማንበብ የበቃው ይህ ልምድ ስለነበረው ነው።

የምርምሩ መነሻ ፍጹም ተግባራዊ የሆነ የወጪ ጥያቄ ነበር። በ1830ዎቹ መጨረሻ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር አዲስ ተስፋ ሆኖ ሲወራለት፣ ወጣቱ ጁል ይህ ሞተር የእንፋሎትን ሞተር ሊተካ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። በ1838 የመጀመሪያ ጽሑፉን ያሳተመውም በዚሁ በኤሌክትሪክ ሞተር ጉዳይ ላይ ነው። ንጽጽሩን ያቆመው በሞተሮቹ ፍጥነት ወይም ግዝፈት ላይ አይደለም። አንድ ፓውንድ የድንጋይ ከሰል በእንፋሎት ሞተር ውስጥ ተቃጥሎ ስንት ፓውንድ ክብደት ወደ አንድ ጫማ ከፍታ እንደሚያነሣ፣ አንድ ፓውንድ ዚንክ በባትሪ ውስጥ ተበልቶ ስንት እንደሚያነሣ አሰላ። በ1841 የደረሰበት ውጤት ተስፋውን የሚሰብር ነበር፤ በጊዜው የተሻለ የተባለው የእንፋሎት ሞተር ከአንድ ፓውንድ ከሰል የሚያገኘው ሥራ የጁል ሞተር ከአንድ ፓውንድ ዚንክ ካገኘው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ዚንክ ደግሞ ከከሰል እጅግ የተወደደ ነው። ወጣቱ ይህን ውጤት ሳይሸሽግ አሳተመ። ከሽንፈቱ ያተረፈው አንድ ትልቅ ልማድ ነው፤ ሁለት የኃይል ምንጮች የሚነጻጸሩት ሁለቱም በአንድ ዓይነት መለኪያ ሲመዘኑ ብቻ መሆኑን ከዚያ ወዲህ አልዘነጋም።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ኃይሉ የት እንደሚባክን መመርመር ጀመረ። ሽቦ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ላይ ጠምጥሞ በውሃ ውስጥ እየነከረ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ውሃው ምን ያህል እንደሚሞቅ ለካ። በ1840 መጨረሻ የደረሰበት ሕግ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከሽቦው ተቃውሞና ከጅረቱ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ጽሑፉን በሙሉ ሳያትመው ፍሬ ሐሳቡን ብቻ አወጣለት።

ይህ ሕግ በእያንዳንዱ የሶላር መሥመር ውስጥ ይሠራል። በ12 ቮልት 120 ዋት የሚሰጥ ፓነል 10 አምፔር ያህል ይልካል። ከጣሪያው እስከ ባትሪው 10 ሜትር ቢሆን፣ መሄጃና መመለሻው 20 ሜትር ነው፤ ሽቦው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ከሆነ ተቃውሞው 0.14 ኦም ያህል ስለሚሆን 14 ዋት በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከመቶ ከ11 በላይ ማለት ነው። ያው 120 ዋት በ24 ቮልት ቢላክ ጅረቱ 5 አምፔር፣ ጥፋቱም 3.5 ዋት ብቻ ይሆናል። በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ፓነሎች በሁለት ቤት ልዩ ልዩ ውጤት ሲያሳዩ፣ ጥፋቱ ከፓነሉ ይልቅ በግድግዳው ላይ በሚወርደው ቀጭን ሽቦ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ጁል ከዚህ ተነሥቶ ወደ ታላቁ ጥያቄ አመራ። በዘመኑ ብዙዎች ሙቀትን ከአካል ወደ አካል የሚፈስ፣ የማይፈጠርና የማይጠፋ ረቂቅ ነገር አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ጁል ግን ሙቀት ከሥራ እንደሚወለድ፣ የሁለቱም ምንዛሪ አንድና የማይለወጥ እንደሆነ አመነ። በ1843 ይህን ሐሳብ በአየርላንድ በኮርክ ከተማ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ሲያቀርብ የጠበቀው ዝምታ ነበር። በዚያን ጊዜ የሰጠው ቁጥር 838 ነው፤ ይኸውም አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋረንሃይት ለማሞቅ 838 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ መውረድ አለበት ማለት ነው። ቁጥሩ የተገኘው እርስ በርሳቸው ሰፊ ልዩነት ካላቸው ሙከራዎች ስለነበረ አድማጮቹ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም።

ለጥርጣሬው የሰጠው መልስ ክርክር ሳይሆን የተሻለ ልኬት ነበር። በ1845 በካምብሪጅ ያቀረበው መሣሪያ በውሃ በተሞላ የመዳብ ዕቃ ውስጥ የሚሽከረከር መቅዘፊያ ያለው ነው። በገመድ የተንጠለጠሉ ክብደቶች ሲወርዱ መቅዘፊያው ውሃውን ያምሳል፤ ክብደቶቹ ተመልሰው ይጠቀለላሉ፤ እንዲህ እየተደጋገመ ውሃው ይሞቃል። ሆኖም ክብደቶቹ ሃያ ጊዜ ወርደው የሚገኘው ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ ፋረንሃይት ብዙ የማይበልጥ ነው። በክፍሉ ውስጥ የቆመው ሰው ገላ የሚረጨው ሙቀት እንኳ ይህን ልዩነት ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ ጁል ሙከራውን ሙቀቱ በማይዋዥቅበት ምድር ቤት አደረገ፤ መቅዘፊያው ሳይንቀሳቀስ ውሃው ከክፍሉ የሚቀበለውን ወይም ለክፍሉ የሚሰጠውን ሙቀት ለብቻው ለክቶ ከሒሳቡ ቀነሰ፤ በገመዱና በመዘውሩ ፍትጊያ የሚጠፋውንም እንዲሁ አሰላ። በማንቸስተር ይኖር የነበረው መሣሪያ ሠሪ ጆን ቤንጃሚን ዳንሰር ለዚህ የሚበቃ እጅግ ረቂቅ ቴርሞሜትር ሠራለት።

በ1847 በኦክስፎርድ ጉባኤ ላይ ጊዜ የለምና አሳጥር ተብሎ ሥራውን በጥቂት ቃላት ገለጸ። ዳግመኛ በዝምታ ሊታለፍ ሲል፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የ23 ዓመቱ ዊልያም ቶምሰን ነገሩን አነሣው። ቶምሰን ወዲያው ባያምንም ችላ ሊለው አልቻለም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ የሥራ ጓደኞች ሆኑ። ጁል በዚያው በጋ አሚሊያ ግራይምስን አግብቶ ወደ አልፕስ ተራሮች ሲሄድ ቶምሰን በመንገድ ላይ አገኘው፤ ሁለቱም በአንድ ፏፏቴ አናትና ግርጌ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ለመለካት ሞክረው ውሃው እየተበተነ አልሆነላቸውም ይባላል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። በዛሬው ቁጥር ቢሰላ 42 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውሃ ከአወራረዱ የተነሣ የሚሞቀው ከአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ነጎድጓድ በሙቀት ሲመነዘር ይህን ያህል ነው።

በ1850 የተሻሻለው ውጤት በንጉሣዊው ማኅበር ታተመ፤ ቁጥሩ 772 ሆነ፤ ጁልም በዚያው ዓመት የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1854 ሚስቱ ሞታ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትታለት ሄደች፤ ቢራ ፋብሪካውም በዚያው ዘመን ገደማ ተሸጠ። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ማየር ተመሳሳይ ሐሳብ በ1842 አውጥቶ ስለነበረ የቀዳሚነት ክርክር ተነሣ። ዛሬ ለሁለቱም ድርሻቸው ይሰጣል፤ የማየር የሐሳቡ ቀዳሚነት፣ የጁል ደግሞ የልኬቱ ጽናት ነው። በእነዚሁ ዓመታት ከቶምሰን ጋር ስለ ጋዞች መስፋፋትና መቀዝቀዝ ያደረገው ምርምር ለኋለኛው የማቀዝቀዣ ሥራ መሠረት ሆነ። በ1870 የማኅበሩን ከፍተኛ ሽልማት የኮፕሊን ሜዳይ አገኘ። ሀብቱ እየተመናመነ ሄዶ በ1878 መንግሥት ጡረታ ቆረጠለት። በዚያው ዓመት፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ ሲጠጋ፣ ያንኑ የወጣትነት ሙከራውን እንደገና ሠርቶ 772.55 የሚል ቁጥር አወጣ። ኦክቶበር 11 ቀን 1889 በሴል ከተማ አረፈ። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የኃይልን መለኪያ በስሙ ሰይሞ ነበር።

አሁን የጁልን ሥርዓት ወደ ሦስቱ ከተሞች ጣሪያዎች ማምጣት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል በሰበታ 600 ዋት፣ በቡራዩ 400 ዋት፣ በሱሉልታ 300 ዋት ፓነል ያላቸው ሦስት ቤቶች በአንድ ቀን በቅደም ተከተል 2.7፣ 1.6 እና 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ሰጡ እንበል። ቁጥሮቹ ብቻቸውን ከታዩ የሱሉልታው መጨረሻ ነው። ጁል ዚንኩንና ከሰሉን በአንድ ፓውንድ እንዳስተካከለ፣ እነዚህም ለአንድ ኪሎዋት ፓነል ሲሰሉ 4.5፣ 4.0 እና 5.0 ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ፊተኛ ሆነ።

ቀጥሎ የሚመጣው በክፍሉ የሚወጣውንና የሚገባውን ሙቀት እንደ መቀነስ ያለው ሥራ ነው። የፓነል አቅም የሚጻፈው የፓነሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሲየስ ሆኖ ነው፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ የሲሊኮን ፓነል ከመቶ 0.4 ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍ ባለችውና ነፋሻማ በሆነችው በሱሉልታ ያለ ፓነል ዝቅ ብላ በምትገኘው በሰበታ ቆርቆሮ ላይ ከተለጠፈው አሥር ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ከመቶ አራት ያህል ብልጫ ያገኛል። የጣሪያው ፊትም ይቆጠራል። ሦስቱ ከተሞች ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ስለሚገኙ የቀትር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። የክረምቱ ደመና፣ የበጋው የመንገድ አቧራና የባሕር ዛፍ ጥላ ሲጨመሩ የአንዱን ቤት የሐምሌ ምርት ከሌላው የታኅሣሥ ምርት ጋር ማወዳደር ትርጉም ያጣል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ባትሪው ነው። ከመብራት ኃይል መሥመር ጋር ባልተያያዘ ቤት ባትሪው ከሞላ በኋላ ቻርጅ ኮንትሮለሩ ከፓነሉ የሚመጣውን ይገድባል፤ ፀሐይዋ እያበራች ምርቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚነበበው ቁጥር ፓነሉ ሊሰጥ የሚችለውን ሳይሆን ቤቱ የተጠቀመበትን ብቻ ያሳያል። ጥቂት መብራት ብቻ የሚያበራ ቤተሰብ ፓነሉ ደካማ እንደሆነ አድርጎ ቢያስብ ወይም ባለሙያ እንዲህ ብሎ ቢነግረው፣ ደህናው ፓነል ወርዶ ሌላ ይገዛል፤ ውጤቱ ግን አይለወጥም።

ስለዚህ ለባለቤቱ መዝገብ መክፈት ከባለሙያው ሥራ አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባል። በየዕለቱ ከሚጻፈው ኪሎዋት ሰዓት አጠገብ የተተከለው ዋት፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ ፓነሉ የተጠረገበት ቀንና ባትሪው የሞላበት ሰዓት ቢሰፍር፣ የሰበታው መዝገብ ለሱሉልታውና ለቡራዩው ሊነበብ የሚችል ይሆናል። የአንድ ቀን ቁጥር ፍርድ አይሰጥም፤ የአንድ ዓመት ግን ይሰጣል።

በጁል መቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ቁጥር 772.55 ነው። ዛሬ ተቀባይነት ያለው 778 ያህል በመሆኑ ልዩነቱ ከመቶ አንድ አይሞላም። ሌሎች ስሕተቱን ለማግኘትና ለማረም የቻሉት ሰውየው በምን ዕቃ፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ቀንሶና ምን ጨምሮ ቁጥሩ ላይ እንደደረሰ በዝርዝር ጽፎ ስለተወላቸው ነው።