ሰር አልበርት ሆዋርድ፤ ከገበሬ የተማሩ የአፈር ሊቅ

እሑድ ማለዳ ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚጓዝ የሙያ ባልደረባችን ሁለት ነገሮች ከዓይኑ አያመልጡም፤ አንደኛው የማሽላ አገዳ፣ ሁለተኛው ተጠፍጥፎ የደረቀ ኩበት ነው። አገዳው ለመኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ ይውላል፤ ኩበቱም ይነዳል። ታዲያ ለማሳው የሚመለስለት ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በሕንድ አገር አንድ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅን ለብዙ ዘመን ያሳሰበ ጥያቄ ነበር።

አልበርት ሆዋርድ እ.ኤ.አ. በ1873 በሽሮፕሻየር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በለንደንና በካምብሪጅ ከተማሩ በኋላ በ1899 ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሄደው የሸንኮራ አገዳን በሽታ መረመሩ። እዚያም አንድ ጉድለት ተገለጠላቸው፤ ይኸውም ለገበሬው የሚሰጡትን ምክር ራሳቸው የሚፈትኑበት አንዲት ጋሻ መሬት እንኳ ያልነበራቸው መሆኑ ነው።

በ1905 በቢሃር ወደሚገኘው የፑሳ የምርምር ጣቢያ ተዛወሩ። ባለቤታቸው ጋብርኤልም የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩና ሥራውን በእኩልነት ተካፈሉ። በጣቢያው ዙሪያ የነበሩት ገበሬዎች የፀረ ተባይ መድኃኒት ሳይጠቀሙ ጤናማ ሰብል ማምረታቸውን ሆዋርድ አስተዋሉ። ስለዚህ ገበሬውንም ተባዩንም እንደ መምህር ቈጥረው፣ የገዛ ማሳቸውን በገዛ በሬዎቻቸው እያረሱ ይማሩ ጀመር።

ከ1924 እስከ 1931 የኢንዶርን የዕፅዋት ምርምር ተቋም መሩ። የኢንዶር ዘዴ የሚባለው የብስባሽ አዘገጃጀት የተወለደው በዚያ ነው። የሰብል ተረፈ ምርት፣ እበት፣ በከብት ሽንት የራሰ የበረት አፈርና አመድ በየተራ ይነባበራሉ፤ ውሃ ይርከፈከፍባቸዋል፤ አየር እንዲያገኙም ይገላበጣሉ። ሥራውን የሚሠሩት ግን በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው። እነርሱ አገዳውን ሲበሉ ክምሩ ይግላል፤ ሙቀቱም ብዙውን የአረም ዘርና የበሽታ ምንጭ ይገድላል፤ በሦስት ወር ገደማ የበሰለ ብስባሽ ይገኛል። ደረቅ አገዳ ብቻውን ቢከመር ግን ናይትሮጅን ስለሚያንሰው ቶሎ አይበሰብስም። እበት ለማገዶ በሚፈለግበት አገር የበረቱ አፈር ትልቅ ጥቅም የሚሰጠውም ስለዚህ ነው፤ የሽንቱ ናይትሮጅን በአፈሩ ውስጥ ተይዞ ይገኛልና።

ጋብርኤል በ1930 አረፉ። ሆዋርድ በተከታዩ ዓመት የዘዴውን መጽሐፍ ከሕንዳዊው ኬሚስት ከየሽዋንት ዋድ ጋር አሳትመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1934ም የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በ1940 ባወጡት መጽሐፍ ማዕድናዊ ማዳበሪያን አጥብቀው ተቃወሙ፤ የአፈር ጤና የሰብልንና የእንስሳን ጤና ሁሉ ይወስናል እስከማለትም ደረሱ። ይህ የመጨረሻው አባባል ከማስረጃው ርቆ የሄደ ነውና ብዙ ሳይንቲስቶች ተቃውመውታል። አፈር ሕያው ነገር ነው የሚለው ትምህርታቸው ግን ጸንቶ ኖረ። በጥቅምት 1947 ዐረፉ።

በአገራችንም በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አነሳሽነት በ1996 በትግራይ የተጀመረው ሥራ የብስባሽን ጥቅም በገበሬው ማሳ ላይ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በቆላማው የጂሌ ጥሙጋ ምድር ላይ የሆዋርድ ጥያቄ ዛሬም ይነሣል። ኩበት የምትጠፈጥፈዋ እናት አፈሩን ስለማታውቅ አይደለም የምታነደው፤ ራት የሚበስልበት ሌላ ማገዶ ስላጣች ነው። እንግዲህ ብስባሽ አዘጋጁ ብሎ የሚመክር ባለሙያ አስቀድሞ ስለ ምድጃዋ ሊጠይቃት ይገባል። የማገዶ ዛፍ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ወይም ከእበት ጋዝ አውጥቶ ዝቃጩን ለማሳ የሚያስቀር ማብለያ የአፈር ሥራ አካል ናቸው። የበረቱንም አፈር ዛሬውኑ መሰብሰብ ይቻላል፤ እርሱ ለእሳት አይፈለግምና።

ይህን ሳይመለከት የሚመክር ሰው፣ ሆዋርድ በወጣትነታቸው በራሳቸው ላይ ያዩትን ጉድለት እንደ ያዘ ይቀራል።