ቅድስት ሂልዴጋርድ ዘቢንገን፦ መራራውን ከጣፋጩ የለየች እናት

ቅዱሳን በጸሎታቸውና በስብከታቸው ብቻ ሳይሆን በጓሮ አትክልታቸውና በማእድ ቤታቸውም መምህሮቻችን ሊሆኑ ይችላሉ። ከእነዚህም አንዷ በ12ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር፣ በራይን ወንዝ አካባቢ የኖረችው ቅድስት ሂልዴጋርድ ዘቢንገን ናት። ስለ ሰማያዊ ራእይ በጻፈችበት እጇ ስለ እህል፣ ስለ ቅጠላ ቅጠልና ስለ ቢራ ሳይቀር ጽፋለች። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂልዴጋርድ በ1098 ከመኳንንት ወገን ከሆኑ ወላጆች ተወለደች፤ ለቤተሰቧም አሥረኛ ልጅ እንደ ነበረች ይነገራል። ወላጆቿ ገና በልጅነቷ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሰጧት። በ1112 በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ ዩታ ከተባለች መንፈሳዊት ሴት ጋር በዲሲቦደንበርግ የበነዲክቶሳውያን ገዳም ዘግታ መኖር ጀመረች። መዝሙረ ዳዊትን ማንበብና መዘመር የተማረችው ከዩታ ነው። ዩታ በ1136 ባረፈች ጊዜ እኅቶች በአንድ ልብ ሆነው ሂልዴጋርድን አለቃቸው አድርገው መረጧት።

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ራእይ ታይ የነበረ ቢሆንም ለብዙ ዘመን በልቧ ሰውራ ይዛው ነበር። በ1141 ግን ያየችውን እንድትጽፍ ከእግዚአብሔር ትእዛዝ ተቀበለች። መጀመሪያ ፈርታ እምቢ አለች፤ ታመመችም። በኋላ ግን ፎልማር በሚባል መነኩሴ ረዳትነት መጻፍ ጀመረች። በ1147 እና በ1148 በትሪየር ከተማ በተደረገው ጉባኤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አውጌንዮስ 3ኛ ጽሑፏን አይተው እንድትቀጥል ፈቀዱላት። በ1150 ገደማም የገዳሙ አበምኔት ቢቃወሙም፣ ሃያ ከሚያህሉ እኅቶች ጋር በቢንገን አጠገብ ወዳለው ወደ ሩፐርትስበርግ ሄዳ አዲስ ገዳም መሠረተች።

አዲሱ ገዳም በጅምሩ ብዙ ችግር ነበረበት። ሕመምተኛውን መንከባከብ፣ እንግዳውን መቀበል፣ ለእኅቶች የሚበላና የሚጠጣ ማዘጋጀት ሁሉ በአለቃይቱ ላይ የወደቀ ኃላፊነት ነበር። ሂልዴጋርድም ስለ ፍጥረታት ባሕርይና ስለ በሽታዎች መንስኤና ፈውስ የጻፈቻቸውን መጻሕፍት ያዘጋጀችው በእነዚህ ዓመታት ነው። ስለ ፍጥረታት የሚናገረው መጽሐፍ በ9 ክፍል የተከፈለ ሲሆን ዕፀዋትን፣ ዛፎችን፣ የከበሩ ድንጋዮችን፣ ዓሦችን፣ አዕዋፍንና እንስሳትን እያነሣ ለሰው የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን ይለያል።

ለቢራ መራራነት የሚሰጠው፣ ሆፕስ የተባለው ሐረግም በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። ቅድስቲቱ ይህን ተክል አታወድሰውም። በእርስዋ አስተያየት ሆፕስ በሰው ላይ ጥቁር ሐሞትን ያበዛል፣ መንፈስን ያሳዝናል፣ የውስጥ አካልንም ይከብዳል። ይሁን እንጂ ወቀሳዋን ጽፋ አላበቃችም፤ ያው መራራነቱ የተጨመረበትን መጠጥ ከብልሽት እንደሚጠብቅና ለረጅም ጊዜ እንደሚያቆየው ጨምራ መሰከረች። ይህም ስለ ሆፕስ ጠባቂነት ከተጻፉት ጥንታውያን ምስክርነቶች አንዱ ነው። የዛሬው ሳይንስም በሆፕስ ውስጥ ያሉት መራራ ንጥረ ነገሮች መጠጥን የሚያበላሹ ብዙ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ እንደሚከላከሉ አረጋግጧል።

ያለ ሆፕስ ስለሚጠመቀው ቢራም ጽፋለች። ፍራክሲኑስ የተባለውን የአውሮፓ ዛፍ ባነሣችበት ክፍል፣ ከአጃ ቢራ መሥራት የሚፈልግ ሰው ሆፕስን ትቶ ግሩት የተባለውን የቅመም ድብልቅ ብቻ ቢጠቀምና የዚህን ዛፍ ቅጠል አብዝቶ ቢጨምር፣ መጠጡ ሆድን እንደሚያጸዳና ደረትን እንደሚያቀል ታስተምራለች።

ግሩት በዚያ ዘመን በራይን አካባቢና በሰሜን ባሕር ዳርቻ አገሮች ቢራ የሚጠመቅበት የቅጠላ ቅጠል ድብልቅ ነበር። ዋነኛው ቅመም በረግረግ ምድር የሚበቅል፣ ቅጠሉ መልካም መዓዛ ያለው ሚሪካ የተባለ ቁጥቋጦ ነው፤ ሌሎች ቅጠሎችም እንደየአካባቢው ይጨመሩበት ነበር። ግሩትን የማዘጋጀትና የመሸጥ መብት የመሳፍንትና የጳጳሳት ስለ ነበር የገቢ ምንጭም ሆኖ ነበር። ከ13ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን እንደ ብሬመንና ሐምቡርግ ያሉ ከተሞች በሆፕስ የተጠመቀ ቢራ በመርከብ ወደ ሩቅ አገር ይልኩ ጀመር፤ መጠጡ በመንገድ አይበላሽምና። በ1516 በባቫርያ የወጣው ሕግ ለቢራ ገብስ፣ ሆፕስና ውኃ ብቻ እንዲገባ አዘዘ። ግሩት ቀስ በቀስ ተረሳ። በዘመናችን ግን በቤልጂየም፣ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ትናንሽ ጠማቂዎች መልሰው ይሠሩት ጀምረዋል።

እንዲህ ያለውን ቢራ የሚቀምስ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው መዓዛውን ነው፤ የሙጫና የቅጠል ሽታ ከብቅሉ ጣፋጭነት ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። የለመደውን ምሬት ሲጠብቅ፣ በምላስ ላይ ጥቂት አፍ የሚያደርቅ የቅመም ጣዕም ያገኛል። አንዳንዱም ኮምጠጥ ይላል። ቢሆንም ተፈጥሮአዊ ቅጠል የሆነ ሁሉ ለሰው ይስማማል ማለት አይደለም። ከጥንቱ ቅመሞች ውስጥ ሌዱም የተባለው የረግረግ ተክል ሲበዛ መርዝነት አለው። ማስተዋል የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን እንስራውን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ ብቅሉንና ጌሾውን ጠንስሰው የሚጠምቁት ጠላ ራሱ ያለ ሆፕስ በቅጠል የሚሠራ ቢራ ነው። ጌሾና ሆፕስ በዘር የማይዛመዱ ዕፀዋት ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ለመጠጡ ምሬት ይሰጣሉ። ጠላ የቀመሰ ሰው ምሬት ብቻውን እንደማይጠጣ፣ ጣፋጭነትም ያለ ምሬት እንደሚሰለች ያውቃል። ልከኛ ጠላ የሚገኘው ሁለቱን መመጠን በምታውቅ እጅ ነው።

ሂልዴጋርድ የቅዱስ በነዲክቶስን ሥርዓት የተከተለች ናት። ያ ሥርዓት መነኮሳት በየቀኑ የተወሰነ ወይን እንዲጠጡ ፈቅዶ እስከ ጥጋብ እንዳይጠጡ ያስጠነቅቃል፤ አስተዋይነትንም የምግባራት ሁሉ እናት ይላታል። ቅድስቲቱም በዚህ መንፈስ ጻፈች። ቢራ ሥጋን እንደሚያወፍርና ለፊት መልካም ቀለም እንደሚሰጥ ስትናገር ከልክ እንዳያልፍ በማሰብ ነው። የሕክምና ትምህርቷ የዘመኗ እውቀት ስለሆነ ዛሬ በሐኪም ምክር ፈንታ አይወሰድም፤ ነገር ግን የማትወደውን ተክል እንኳ ጥቅሙን ሳትደብቅ የመሰከረች የልቧ ቅንነት አላረጀም።

ይህ ቅንነት በሕይወቷ መጨረሻ በብርቱ ተፈተነ። በ1178 ሂልዴጋርድ 80 ዓመት በሆናት ጊዜ፣ ቀድሞ ተወግዞ የነበረ አንድ መኰንን በገዳሟ መካነ መቃብር ተቀበረ። ሰውየው ከመሞቱ በፊት ንስሐ ገብቶና ቅዱስ ቁርባን ተቀብሎ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታርቆ ነበር። በማይንዝ ካቴድራል የነበሩት ካህናት ግን ይህን ባለመቀበል አስከሬኑ እንዲወጣ አዘዙ። እርስዋ እምቢ አለች፤ ይህን ማድረግ የታረቀውን ሰው ምስጢራት ማቃለል ነውና። በዚህም ምክንያት በገዳሙ ላይ ግዘት ተጣለ፤ ቅዳሴ ተቋረጠ፣ እኅቶችም ከቅዱስ ቁርባን ተከለከሉ፣ መዝሙር መዘመርም ቀረ።

ከ70 በላይ መዝሙራትን ለደረሰች እናት ከዚህ የመረረ ጽዋ አልነበረም። ሆኖም ሁለቱን ነገሮች ለየች። አስከሬኑን እንድታወጣ ኅሊናዋ አልፈቀደላትም፤ የግዘቱን ትእዛዝ ግን አክብራ እኅቶች በሩን ዘግተው የሰዓታት ጸሎታቸውን በለሆሳስ እንዲያነቡ አደረገች። በዝምታም አልተቀመጠችም። መዝሙር የሰው ልጅ በገነት የነበረውን ዜማ የሚያስታውስበት መሆኑን፣ የእግዚአብሔርንም ምስጋና ያለ በቂ ምክንያት የሚያስቆሙ ሰዎች እንደሚጠየቁበት ለካህናቱ ጻፈች። ራስዋም እስከ ማይንዝ ተጓዘች። ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ በኢጣልያ የነበሩት የማይንዝ ሊቀ ጳጳሳት ክርስቲያን በመጋቢት 1179 ግዘቱን አነሡ፤ ዜማውም ወደ ገዳሙ ተመለሰ። ከስድስት ወር በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 1179፣ ሂልዴጋርድ በልጆቿ መካከል በሰላም አረፈች።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በግንቦት 2012 በመላዋ ቤተ ክርስቲያን በቅድስና እንድትከበር ወሰኑ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 7 ቀንም የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ብለው ሰየሟት። ይህን ማዕረግ ካገኙት ሴቶች አራተኛዋ ናት።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ምእመናን፤ በየበዓሉ ጠላ በሚቀርብበት ማእድ ዙሪያ ስንቀመጥ ይህችን እናት እናስባት። የምንጠጣውን በልክ እንድንጠጣ፣ የማንወደውን ሰው እንኳ መልካም ሥራውን ሳንደብቅ እንድንመሰክርለት ታስተምረናለች። በቤተሰብ ወይም በቁምስና የሚገጥመን መራራ ነገርም ሁሉ ለጥፋት አይደለም፤ በትዕግሥትና በእውነት ከያዝነው ፍቅራችንን ከብልሽት ሊጠብቅልን ይችላል። የቅድስት ሂልዴጋርድ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።